በመዝገባችን ላይ የምንጽፈው ስም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛዋ መድረክ ላይ ስትወጣ ብዙዎቻችሁ ያልተከፈለ መዋጮ ሊነበብ ነው ብላችሁ እንደምትሰጉ አውቃለሁ። ዛሬ ሥጋት አይግባችሁ፤ የምናገረው ስለ ቃላት ነው። ነገር ግን ቃላቱ የተጻፉት በእኔው መዝገብ ላይ ስለሆነ ከሥራዬ አልወጣሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት አባላችን በቢሮአችን ውስጥ በሦስት ወረቀት ላይ ትገኛለች። በአባልነት ቅጹ ላይ «መተዳደሪያ» በሚለው ዓምድ «ሴተኛ አዳሪ» ተብላለች። በብድር ማመልከቻዋ ላይ «በግል ሥራ የምትተዳደር» ይላል። ለደጋፊዎቻችን በሚላከው ሪፖርት ውስጥ ደግሞ «ተጋላጭ ሴት» ናት። ሴትዮዋ አንዲት ናት፣ የምታስገባው የሳምንት ቁጠባም አንድ ነው። አንድ ገንዘብ በሦስት ስም ተመዝግቦ ቢገኝ ማንኛዋም ሒሳብ ሠራተኛ «ይህ ለምን ሆነ?» ብላ ትጠይቃለች። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሦስት ሴቶች ሊመዘገቡ መጥተው ቅጹን ተቀበሉ፤ ያን ዓምድ አነበቡ፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። አልተመለሱም። መቆጠብ ፈልገው ነበር፣ ማኅበራችንም የተቋቋመው ለዚሁ ነበር። በመካከል የቆመው አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ቃሉን አገላብጠን እንየው።

«ሴተኛ አዳሪ»ን ዛሬ ለስድብ ስለምንጠቀምበት ስድብ ሆኖ የተወለደ ይመስለናል። አይደለም። «አዳሪ» የመጣው «አደረ» ከሚለው ግሥ ነው። አደረ ማለት ሌሊቱን አሳለፈ፣ ነጋለት ማለት ነው፤ ሰፋ ሲል ደግሞ ኖረ፣ ተዳደረ ማለት ይሆናል። አርሶ የሚያድር አርሶ አደር ይባላል። አርብቶ የሚያድር አርብቶ አደር ነው። በላቡ የሚያድር ላብ አደር ነው። በደርግ ዘመን የፓርቲው ጋዜጣ ስሙ «ሠርቶ አደር» ነበር። በቅጻችን ላይ ያለው «መተዳደሪያ» የሚለው ቃልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ ሴተኛ አዳሪ ማለት በሴትነቷ የምታድር ማለት ነው። ቃሉ በአፈጣጠሩ የሚናገረው ስለ እንጀራ ነው። ሰዎች ሌላውን፣ ሻካራውን ቃል ላለመናገር የመረጡት ጨዋ ቃል ነበር። አርሶ አደር የሚለው እስከ ዛሬ ክብሩን ይዟል፤ የእርሷ ግን ወደ ስድብ ወረደ። ግሡ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣነው ተናጋሪዎቹ ነን።

«ጋለሞታ»ም እንደዚሁ መንገድ ተጉዟል። በገጠር ጋለሞታ የምትባለው ባሏን የፈታች ወይም ባል የሌላት፣ ለብቻዋ ቤት ይዛ የምትኖር ሴት ናት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን የኢያሪኮዋ ረዓብ ጋለሞታ ተብላለች፤ በዚያ ትርጉሙ ገላን መሸጥ ነው። ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን መኖራቸው አንድ ነገር ይነግረናል፦ ባል የሌላት ሴት ቤት ይዛ ከኖረች፣ ሰው መተዳደሪያዋን ራሱ ገምቶ ይጽፍላታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ባሎቻችን የሞቱብን፣ የተፋታን፣ በጦርነቱ ምክንያት ከዳባትና ከደባርቅ አካባቢ ያለ ባል ልጆች ይዘን የመጣን ሴቶች ስንት ነን? በድሮው አነጋገር ሁላችንም ጋለሞታ ነን።

«ኮማሪ»ም አለች። ኮማሪ ማለት ጠጅና ሌላ መጠጥ የምትሸጥ ሴት ናት። ቀስ በቀስ ቃሉ ከመጠጡ አልፎ ወደ ሻጭዋ ገላ ተሻገረ። በዚህ መካከላችን ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች አሉ፤ ጥንት ቢሆን ኖሮ ኮማሪ ትባሉ ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ «ቡና ቤት» መጣ። ቡና ቤት ሲባል ሁሉም ሰው ጉዳዩ ቡና እንዳልሆነ ያውቃል፤ «የቡና ቤት ሴት» የምትባለውም ቡና ስለምታፈላ አይደለም። ቤቱ የሚሸጠው መጠጥ ነው፣ ስሙ የቡና ነው፣ ነቀፌታው የሴትዮዋ ነው።

አሁን ይቅርታችሁን ጠይቄ አስቀያሚውን ቃል ላንሣ፤ ልጆቻችን መንገድ ላይ ሲሰሙት ስለሚውሉ መደበቁ አይጠቅምም። «ሸርሙጣ» ከዐረብኛ የመጣ ነው። በዐረብኛ ትርጉሙ የተቀደደ ጨርቅ፣ ቡትቶ ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች «ሻርማንት» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው የመጣው ይላሉ፤ ሻርማንት ማለት ማራኪ ማለት ነው። ወሬው ያምራል፣ ጎረቤታችንንም የማራኪ ክፍለ ከተማን ያስታውሰናል፤ ግን እውነት አይደለም። ጨርቅ መቅደድ የሚለው ትርጉም በዐረብኛው ሥር ውስጥ ያለ ነው። ወሬው ለምን እንደተወደደ ግን ይገባኛል። ስድብ ከፈረንሳይ የመጣ ሲመስል ትንሽ ሽቶ የተረጨበት ይመስላል።

በዚህ በኩል የእንግሊዞች ታሪክ ያስገርማል። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ የሚመለከቱ የጨዋ ቃላቱን በብዛት የተዋሰው ከፈረንሳይኛ ነው። «ኮርቴዛን» ማለት በመጀመሪያ ትርጉሙ የቤተ መንግሥት ሴት ማለት ነው፤ እኛ «የፋሲል ግቢ ወይዘሮ» እንደማለት። «ፊይ ደ ዧ» ማለት የደስታ ልጅ ማለት ነው። «ደሚሞንድ» ግማሽ ዓለም ማለት ነው፤ ቃሉን ያስፋፋው ትንሹ አሌክሳንደር ዱማ በ1855 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ቴአትር ነው። «ሎሬት» የተባሉት ደግሞ በፓሪስ ኖትርዳም ደ ሎሬት በተባለች ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ቤት ተከራይተው ስለኖሩ ነው። የሰፈር ስም በሴት ላይ መለጠፍ የእኛም ልማድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውቤ በረሃ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ የተጠራ ሰፈር ነው፤ ዝናው ግን ከደጃዝማቹ ይልቅ ከሌሊቱ ንግድ ጋር ተያይዞ ቀረ፣ «የውቤ በረሃ ሴት» ከተባለም ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር።

ከሁሉም እኔን የነካኝ «ግሪዜት» የሚለው ነው። ግሪ ማለት ግራጫ ነው። ግሪዜት የምትባለው ርካሽ ግራጫ ልብስ የምትለብስ የፓሪስ ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ፣ ኮፍያ ሠሪ፣ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ። ደመወዟ ኑሮዋን አይሸፍንም። የጎደለውን የሚሞላላት ወንድ ወዳጅ ትይዛለች ተብሎ ስለታሰበ የልብሷ ስም የነቀፌታ ስም ሆነ። እኔ ይህን እንደ ሒሳብ ነው የማነበው፤ የደመወዝ ጉድለት በሴትዮዋ ጠባይ ስም ተመዝግቧል።

«ሃርለት» የሚባለውም ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው። መጀመሪያ ያገለገለው ለወንድ ነበር፤ ትርጉሙ ዘዋሪ፣ ሥራ ፈት ጎረምሳ ማለት ነው። በኋላ ለሴት ተሰጠ። በ16ኛው መቶ ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ሻካራውን የእንግሊዝኛ ቃል ላለመጻፍ ይህን መረጡ። ዛሬ ሃርለት ራሱ ስድብ ነው። ወንዱ ከቃሉ ውስጥ ሲወጣ ማንም አላየውም።

እንግሊዞች ለምን ከፈረንሳይኛ ተዋሱ? የራሳቸው ቃል ጠፍቶባቸው አይደለም። የባዕድ ቃል እንደ መጋረጃ ነው። ጌቶች እራት ላይ ተቀምጠው ልጆችና አሽከሮች በሚሰሙበት ቦታ ነገሩን ሳይናገሩ መናገር ፈለጉ። በመጋረጃው ማን እንደተሸፈነም ተመልከቱ። «የደስታ ልጅ» ሲባል ደስታው የማን ነው? የከፋዩ ነው። ስሟ የእርሱን ስሜት ይናገራል። በዚህ ረገድ የእኛው ሴተኛ አዳሪ ይሻላል፤ ቢያንስ የእርሷን እንጀራ ይናገራል።

የባዕድ መጋረጃ ወደ ጎንደርም መጥቷል። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከተማችንን ያዘ፤ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ቆየ። ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ። በምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቱ ጣልያኑ ከአገሬው ሴት ጋር አብሮ መኖሩ «ማዳማቶ» ይባል ነበር፤ ሴትዮዋ ደግሞ «ማዳማ» ትባላለች። ማዳማ የፈረንሳይኛው «ማዳም» ነው፤ ቃል በቃል «እመቤቴ» ማለት ነው። እመቤቴ እያለ የሚጠራት ሰው ግን ሚስቴ አይላትም፣ ልጇንም ላይቀበል ይችላል። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የፋሺስቱ መንግሥት አዋጅ አወጣ፤ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ከፍሎ መሄድን ግን አዋጁ አልከለከለም። ወንጀሉ አብሮ ማደሩ፣ አብሮ መብላቱ፣ ሰው ማድረጉ ነበር።

«ማዳም» ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። በእንግሊዝኛ የክብር መጠሪያ ነው፤ የሴቶቹን ቤት የምታስተዳድረዋም በዚሁ ቃል ትጠራለች። ቤሩትና ጅዳ ሠርተው ለተመለሱ እህቶቻችን ማዳም ማለት አሠሪያቸው ናት። አንድ ቃል ሚስትም፣ ውሽማም፣ የቤት ባለቤትም፣ አሠሪም ሆነ። ከቃሉ ውስጥ ክብርም ውርደትም አላገኘሁም፤ ክብሩም ውርደቱም ያለው ቃሉን በሚጠቀመው ሰው አያያዝ ውስጥ ነው።

እኛም ዛሬ በእንግሊዝኛ መጋረጃ ሠርተናል። በአገራችን የኤች አይ ቪ ምልክት በደም ምርመራ የተገኘው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ታወቁ። ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ ሴቶች ብዙ ተጻፈ፣ ብዙ ሥልጠናም ተሰጠ፤ ብዙ ሕይወትም ተርፎበታል። ከሥልጠናው ጋር ግን «ሴክስ ወርከር»፣ «ኤፍ ኤስ ደብሊው» የሚሉ ቃላት መጡ። «ሴክስ ወርከር» የሚለውን በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ያወጣችው ካሮል ሊ የተባለች አሜሪካዊት ናት፤ እርሷም በዚሁ ሥራ የኖረች ነበረች። የፈለገችው ሥራ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ሌሎች ደግሞ ሥራ ሳይሆን በደል ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ስዊድን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትቀጣው ገዢውን ነው። ክርክሩ የከበረ ክርክር ነው። በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ስትጠራ ግን፣ እርሷ እዚያው ተቀምጣ ስለ ማን እንደሚወራ ላታውቅ ትችላለች።

«ተጋላጭ» የሚለው የአማርኛ ቃል ቢሆንም የሚሠራው ያንኑ ነው። ለምን ተጋለጠች? ለማን ተጋለጠች? ቃሉ አይናገርም። በረዶ እንደወረደባት ዓይነት ነው። የሒሳብ ደብተር ግን ይናገራል። ለምሳሌ ያህል፣ ለመቁጠር እንዲቀለን ብቻ፣ አንዲት ሴት በአንድ ሌሊት 1000 ብር ተቀበለች እንበል። ለአልጋ 300 ብር ትከፍላለች። ሰው ለሚያመጣው 100 ብር፣ ለባጃጅ 100 ብር፣ ለዘበኛ 50 ብር። የቀራት 450 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ የልጅ ወተት፣ የቤት ኪራይ፣ መድኃኒት አለ። ገንዘቡ ለአምስት ተከፋፍሏል። ስሙ ግን ሙሉ በሙሉ የእርሷ ነው። አልጋውን ያከራየው ነጋዴ ይባላል፣ ባጃጅ ነጂው ሾፌር ይባላል፣ ብሩን የከፈለው ደንበኛ ይባላል። «ደንበኛ» እንዴት ያለ የተከበረ ቃል ነው! ከእርሱ በቀር ሁሉም ሥራ ያለው ይመስላል፣ እርሱም ከገበያ የተመለሰ ይመስላል።

ሕጋችን ከአንደበታችን ይልቅ ፍትሐዊ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ ሽያጭ የሚኖረውን፣ የሚያቃጥረውንና ለዚሁ ቤት ይዞ የሚያሠራውን ነው፤ ራሷን ሴትዮዋን አይደለም። እኛ ግን በቅጻችን ላይ ስም የሰጠነው ለእርሷ ብቻ ነው።

«እንግዲያው አዲስ ጨዋ ቃል እንፈልግላት» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ አይተናል። «ገረድ» ሲከብድብን «ሠራተኛ» አልን፤ ቀጥሎ «የቤት ሠራተኛ»፣ አሁን ደግሞ «ረዳት» እያልን ነው። ደመወዟና የዕረፍት ቀኗ ካልተለወጠ «ረዳት»ም በጥቂት ዓመት ውስጥ ይቆሽሻል። ቆሻሻው ቃሉ ላይ ቢሆን ኖሮ ቃሉን ስንለውጥ ይጠራ ነበር። በሌላ በኩል ባለትዳሮቹን ስንመዘግብ «የቤት እመቤት» እንላለን። እመቤት! ስሙ ያምራል፤ በገቢ ዓምዱ ላይ ግን ዜሮ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለችውም አይቆጠርላትም። የሚያምር ስምም ሥራ ይደብቃል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አዲስ ቃል መፈለግ አይደለም። ቃሉ የት መጻፍ እንዳለበትና የት መጻፍ እንደሌለበት እንወስን። አራት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ በአባልነት ቅጹ ላይ «መተዳደሪያ» የሚለው ዓምድ ይውጣ። በምትኩ «ገቢሽ የሚመጣው በቀን ነው፣ በሳምንት ነው ወይስ በወር?» እና «በሳምንት ስንት መቆጠብ ትችያለሽ?» ብለን እንጠይቅ። ለቁጠባና ለብድር የሚያስፈልገኝ የገቢው መምጫ ጊዜና መጠን ነው። እንጀራ የምትሸጠውም፣ ጉልት የምትቀመጠውም፣ ሌሊት የምትወጣውም ገቢያቸው የቀን ነው፤ የብድሩ አከፋፈል የሚወሰነው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ለጤና ወይም ለሌላ ፕሮግራም ቁጥሩ የግድ ካስፈለገ፣ አባሏ ፈቅዳ በራሷ አንደበት የነገረችን ብቻ በመለያ ቁጥር ይያዝ፤ ስሟ ያለበት ወረቀትና ይህ ወረቀት በአንድ መሳቢያ አይደሩ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን ገመና የያዘ መዝገብ በጥንቃቄ እንዲያዝ ያስገድዳል። አዋጁ ባይኖር እንኳ አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለዋል። ወረቀት ደግሞ ከሰው ረጅም ዕድሜ አለው፤ ያቺ ሴት ነገ ሱቅ ከፍታ፣ ልጇን ድራ፣ ቅጹ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ይጠብቃታል።

ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት ላይ «ተጋላጭ» ከሚል ጭጋግ እንውጣ። «በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች» ብለን በቁጥር ብቻ እንጻፍ። ስም፣ ፎቶግራፍ፣ ሰፈር አይግባ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ገንዘቡ ምን እንደሠራ እንግለጽ፦ ስንት ሴቶች የሦስት ወር ኪራይ ከፍለው የራሳቸውን ቤት ያዙ፣ ስንቶቹ ልጆቻቸውን የሚጠብቅላቸው አገኙ፣ ስንቶቹ የንግድ ፈቃድ አወጡ።

አራተኛ፣ በስብሰባችን ላይ ሁሉም በስሟ ትጠራ። ታላቋን እትዬ፣ እኩያዋን እህቴ፣ ታናሿን ልጄ። ለሌሎቻችን የምንጠቀምበት ይህ ነው፤ ሌላ መጠሪያ አያስፈልግም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ከደጋፊዎች ነው፦ «ማንን እንደረዳን ማወቅ አለብን» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ደረሰኝ፣ ፊርማ፣ የቁጠባ ደብተር፣ የኦዲት ሪፖርት፣ ሁሉም ይቀርባል። ለእያንዳንዷ ብር መልስ እሰጣለሁ። ለብሯ መልስ ለመስጠት ግን የሴትዮዋን ገመና መያዣ ማድረግ አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው ከእኛው ከአባላት ነው፤ ቡና ላይ ሰምቼዋለሁ። «እነርሱ ከገቡ የማኅበሩ ስም ይጠፋል፤ ባሎቻችን ምን ይላሉ?» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ፈርተው ነው። ጋለሞታና ኮማሪ የተባሉት ቃላት በማን ላይ እንደወጡ ግን አሁን ሰምታችኋል። ባል በሌላቸው፣ መጠጥ በሸጡ፣ በራሳቸው ቤት በኖሩ ሴቶች ላይ ነው የወጡት። አጥሩ ዛሬ እነርሱ ጋ ቢቆምም ነገ ወዴት እንደሚጠጋ አይታወቅም። ባል ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል፣ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ የሄደው ሰው ሳይመለስ ሲቀር፣ ከአንደኛው ዓምድ ወደ ሌላኛው የሚያሻግረው የሁለት ወር ኪራይ ነው። የማኅበራችን ስም የሚጠፋው ብድር ሳይመለስ ሲቀርና ደብተር ሲጭበረበር ነው። የሳምንቱ መዋጮ በጠረጴዛዬ ላይ ሲቆጠር 50 ብሩ ከየት እንደመጣ በላዩ አልተጻፈበትም፤ ሁሉም እኩል ይቆጠራል።

የቅጹን ማሻሻያ ለሥራ አመራር ኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ድምፅ የምትሰጡበት በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ነው። እስከዚያ ድረስ በየቡድናችሁ ተነጋገሩበት፤ ከሁሉ በፊት ግን ጉዳዩ የሚመለከታቸውን እህቶች ጠይቁ፤ እነርሱ የሚሉት ከእኔ ሐሳብ ከተለየ የእነርሱ ይቅደም። ማሻሻያው ካለፈ ቅጹን ሳይሞሉ ወደሄዱት ሦስት ሴቶች ሰው እንልካለን፤ የሚጠብቃቸው ወረቀትም የማያሳፍር ይሆናል።

 ያልተከፈለ መዋጮ ያለባችሁ ግን ከሻይ በኋላ ጠረጴዛዬ ጋ እጠብቃችኋለሁ።